ወደ ታች የሚበሩ ወፎች

የበደለችኝ ትርንጎ ናት። ጊዜውም በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ደባርቅ ላይ ነው። ስሟን ከመጀመሪያው የጻፍኩት አንባቢ «ማንን ማለቷ ይሆን?» እያለ እንዳይቸገር ነው። ሌሎች የበደሉኝም አሉ፤ ለእነሱ ቀለም አላባክንም። የትርንጎ የሚለየው መርፌ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ በመሆኔ ነው።

ዘንድሮ ሥራ አቁሜያለሁ። ዓይኔ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ጋር ማገናኘት ሲያቅተው የስፌት መኪናዬን በነጠላ ሸፈንኩት። ሰዎች «ዕረፍቱ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ዕረፍት የሚሉት እጅ ሥራ ፈትቶ ልብ ያለፈውን ሲተረትር መዋል ከሆነ ደህና ነው። ስለ ባሌና ስለ ደመወዜ እዚህ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ጨርቅ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ዳባት ነው፤ ደርግ በወደቀ ማግሥት። የጎንደር አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት የአንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ነበረ፤ በረንዳው ላይ አያ ደሳለኝ የሚባሉ ልብስ ሰፊ በእግር የሚረገጥ መኪናቸውን ተክለው ይውሉ ነበር። ቁልፍ እንድተክልና እንድዘመዝም ተቀበሉኝ። ወደ ስፌት የገባሁት ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከዚያ በረንዳ ሰው ቢጎትተኝም የምነሣ አልነበርኩም።

አያ ደሳለኝ ጨርቅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ቀጥሎ ከጠርዙ አንድ ክር ይመዙና በክብሪት ይለኩሱታል። አመዱ በጣት ሲነካ ብን ካለ ጥጥ ነው። ጠጥሮ ጣት ላይ ከተጣበቀ ጨርቁን ለባለቤቱ እየመለሱ፣ «ይኼ ላስቲክ ነው፤ ጣሪያህ ሲያፈስ አልብሰው» ይላሉ።

ሴት ደንበኛ ስትመጣ ሜትራቸውን አያነሡም። መጀመሪያ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው።

«ምን ትሸከሚያለሽ?»

እንስራ ትላለች አንዷ። ሌላዋ እንጨት ትላለች፣ ሌላዋ ልጅ። አያ ደሳለኝ እንደ ሸክሟ ይቀድዱላታል። እንስራ ለምትሸከመው ጀርባውን ያሰፋሉ፤ እንጨት ለምትሸከመው ገመዱ በሚያርፍበት ደረት ላይ ድርብ ያደርጉላታል። ለሁሉም የማይለውጡት ነገር ቢኖር ትከሻውን ነው። «ትከሻ አይሰፋም» ይሉ ነበር። «ስፌት ያለበት ትከሻ ገመድ ሲያርፍበት ይተረተራል። ትከሻ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም።»

ስለዚህ ጨርቁን ትከሻው ላይ አጥፈው፣ ፊቱንና ኋላውን ሳያለያዩ፣ እጥፋቱ ላይ አንገት ብቻ ያወጡለታል። በግራና በቀኝ ጎኑ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይገባና ታቹ ሰፊ ይሆናል። ከወለሉ የሚጠረግ ጨርቅ የለም። ከአንገቱ የወጣውን ቁራጭ እንኳ ኪስ ያደርጉታል። እነዚያ ሻካራ ጣቶች አንድ ሙሉ ጨርቅ ወስደው፣ ምንም ሳያስቀሩ፣ ሙሉ ሴት የምትለብሰው አድርገው ሲመልሱ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንዳየሁ አላውቅም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። መቀስ ሲያነሡ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ደንበኛም ትሁን ባለ ሱቁ፣ መቀሱ እስኪቀመጥ ትንፍሽ የለም። አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳት «ደባርቅ! ደባርቅ!» እያለ በረንዳው ጥግ ቢመጣ በሜትራቸው ጆሮውን ሲገርፉት አይቻለሁ። ሊማሊሞ ከደባርቅ በስተ ሰሜን፣ የጭነት መኪና እየተጠማዘዘ የሚወርደው ገደል ነው። አያ ደሳለኝ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከመቀስ የወጣ ግን ሊማሊሞ ነው። አፋፍ ላይ ያለውን ትጠሪዋለሽ፤ ሊማሊሞ የገባውን ማን ያወጣዋል?»

ለሥራ ወደ ደባርቅ ስነሣ ከመቀሶቻቸው አንዱን ሰጡኝ። ሕጉንም ይዤ ሄድኩ።

ደባርቅ ላይ ብዙ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋሁ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ክሩን በጥርሱ እየለካ የሚሰጥ ሰውዬ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የሚባል የለም። ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ዛሬም በሕልሜ ሳየው ያደክመኛል።

ከዚያ ሶስና መጣች። ሶስና ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄዱ እንግዶች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቤት ተከራይታ ልብስ ሰፊ ሴቶችን ሰበሰበች። አያ ደሳለኝ ያስተማሩኝን ቅድ አይታ፣ «ምንም አይጣልም?» አለች። አይጣልም አልኳት። በዚያው ቀን የመቁረጫውን ጠረጴዛ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ጣቃ ሲፈታ የሆነውን ልጻፍ፤ በቀሉ ይቆየኝ። ክረምት ነበር። የደባርቅን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉም በመስኮት ይገባል፣ ጠዋት መቀሱ እጅ ላይ እንደ በረዶ ነው፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ለብሶ አንድ መልክ ይሆናል። ሶስና ማሰሪያውን በጠሰችና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፤ ብርቱካን፣ ሰማያዊ፣ እንደ እርድ የበራ ቢጫ። ከሰፊዎቹ መካከል ጨዋታዋን የማታቋርጠው ውባለም እንኳ «በስመ አብ!» ብላ ዝም አለች።

ከጋና የመጣ ነው፤ እኛም በኋላ «ጋናው» እያልን ጠራነው። አሠራሩን ሶስና ነገረችን። ጨርቁ ላይ በሰም ሥዕል ያትሙና ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፤ ሰም ያረፈበት ቀለም አይገባውም። ሰሙ ሲሰነጠቅ ግን ቀለሙ በስንጥቁ ሾልኮ ይገባና እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይጥላል። አበባው ይደገማል፤ ያ መስመር ግን አይደገምም። ጣቴን በአንዱ መስመር ላይ ይዤ እስኪጠፋ ተከተልኩት። ከዚያ ግልባጩን ለማየት ገለበጥኩት። ግልባጭ የለውም! ሰሙም ቀለሙም ከፊትም ከኋላም ስለሚገባ ሁለቱም ወገን አንድ ነው። ግልባጭ የሌለው ሰው አላጋጠመኝም፤ ግልባጭ የሌለው ጨርቅ ግን በዚያን ቀን አየሁ።

ሶስና ሥራችን ምን እንደሚባልም አስረዳችን። በሌላ አገር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች በር ተቆልፎባቸው እንደሚውሉ፣ ቀለሙ ወንዝ እንደሚመርዝ፣ ግማሹ ጨርቅ እንደሚጣል ነገረችን። እኛ ግን ማንንም ሳንበድል፣ ጨርቅ ሳንጥል እንሰፋለን። በየልብሱ ላይ የሰፋችው ሴት ስም ይጻፋል።

«ሥነ ምግባር ያለው ፋሽን ይባላል» አለች።

ውባለም እጇን አወጣች። «እትዬ ሶስና፣ ልብሱ ሥነ ምግባር ካለው ለባሌ አንድ ሱሪ ስፉልኝ።»

ሳቅን። ስሜ ልብስ ላይ ተጽፎ ሳይ ግን አልሳቅኩም። «ማንጠግቦሽ» ይላል። ከተጠመቅኩበት ቀን ወዲህ ስሜን ለመልካም ነገር የጻፈው ሰው መኖሩን አላስታውስም።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ስሜን ተራሮች ውስጥ ካለው ከአምቢኮ መንደር የመጣች፣ ዓይነ ፈጣን፣ እጀ ቀጭን ልጅ። ሶስና «እጅዎ ላይ ትማር» አለችኝና ጎኔ አቆምኳት። የእሷ ሥራ ስቆርጥ የጨርቁን ጫፍ መያዝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መቀሱ ጨርቅ ውስጥ እያለ፣ «እትዬ፣ ይኼ አበባ ለምን—» ብላ ጀመረች። መቀሴን አቆምኩ። ውጭ አስወጥቼ ጉም ውስጥ አቆምኳት። ስትመለስ ፀጉሯ ላይ ውኃ አንጠልጥላ ነበር። ሕጉን ያን ጊዜ ነገርኳት። ሁለተኛ ትንፍሽ አላለችም፤ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ይህን አልክድም።

ቆይቶ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ክረምት ትልቅ ሥራ መጣ። መስከረም ሲጠባ ለሚመጡ እንግዶችና አዲስ አበባ ላለ ሱቅ፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ጨርቅ የሚሰፋ ቀሚስ። ሥራው ካማረ ሶስና ቤቱን ታሰፋለች፤ የመቁረጫ ቤቱንም ለብቻው አድርጋ ለእኔ ትሰጠኛለች። ይህን ቃል የሰጠችኝ በሁሉም ፊት ነው። ለራሴ የሆነ በር ያለው ክፍል በሕይወቴ አልነበረኝም። በእንቅልፌም በንቃቴም የማስበው ያንን ክፍል ነበር።

የመጣው ጨርቅ ወፎች ያሉበት ነው። መደቡ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ወፎቹ ነጭ፣ ጅራታቸው እንደ ተከፈተ መቀስ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚበሩ። በየክንፉ ላይ ያ የሰም ስንጥቅ እንደ ላባ መስመር ተጋድሟል። ጣቃውን ስፈታ እጄን እንደገና ታጠብኩ።

ሶስና አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል፣ «መጀመሪያ ሁሉንም ቁረጡ፤ ከዚያ ትሰፋላችሁ። የኋላውን አንገት ደግሞ እስከ ጀርባ አጋማሽ ሰንጠቅ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

«ጀርባ እያሳዩ ደባርቅ ላይ?» አለች ውባለም። «ብርዱ ራሱ ይቀጣቸዋል።»

እንደ ተማርኩት ቆረጥኩ። ጨርቁን ትከሻው ላይ አጥፌ፣ ደራርቤ፣ አንገቱን አወጣሁ። የእኛ ሸማ በሁለቱም ጫፍ ጥለት አለው፤ ትከሻ ላይ ሲታጠፍ ከፊትም ከኋላም ጥለቱ ታች ይውላል። እስከዚያ የመጡልን ጋናዎችም ክብና አበባ ስለነበሩ ላይም ታችም አልነበራቸውም። ወፍ ግን ራስና እግር አለው። ከፊት ወደ ትከሻ የሚወጣው ወፍ፣ ጨርቁ ሲታጠፍ ትከሻውን ተሻግሮ ከኋላ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ የቆምኩት በእጥፋቱ በኩል ነበር፤ የሚታየኝ የላይኛው ጨርቅ ብቻ። ትርንጎ የቆመችው በወዲያኛው ጫፍ ነው። ሁለቱን ጠርዝ አንድ ላይ የያዘችው እሷ ናት። የላይኛው ጨርቅ ወፎች ጅራታቸው ወደ እሷ ነበር፤ የታችኛው ጨርቅ ወፎች ምንቃራቸው። ያን እያየች ጣቃው እስኪያልቅ ያዘችልኝ።

ጣቃው አለቀ። ሴቶቹ እንደ ታጠፈ ጎን ጎኑን ገጠሙ። ሶስና ተመልሳ የመጀመሪያውን ቀሚስ ውባለምን አለበሰቻትና አጨበጨበች። ከዚያ «እስኪ ዙሪ» አለቻት።

ውባለም ዞረች። ጀርባዋ ላይ ያለው ወፍ ሁሉ በአፍንጫው ወደ መሬት ይወረወራል። ቤቱ ውስጥ የመኪናው መርገጫ ሁሉ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለች ውባለም፤ ጀርባዋን ማየት አትችል።

«ወፎቹ…» አለች ሶስና።

ውባለም ቀሚሱን ጎትታ አየችው። «ከፊት ሊማሊሞን ይወጣሉ፣ ከኋላ ሊማሊሞ ይገባሉ» አለች። ማንም አልሳቀም።

ያን ጊዜ ነው ትርንጎ የተናገረችው። ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ ሲቆረጥ አይቼው ነበር» አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ። ሶስናም ወደ እሷ ዞረች፤ እንደ እኔ ግን አላየቻትም። «ይስተካከላል?» አለቻት።

«ይስተካከላል።»

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ጠረጴዛውን ለትርንጎ ይልቀቁላት» አለችኝ ሶስና። በአንቱታ፣ በአክብሮት። መቀሴን አነሣሁና መኪና ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አሁን የምጽፈውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ዓይኔ አይቶታል። ትርንጎ ጎን ጎኑን አስተረተረች። ከዚያ አያ ደሳለኝ አይቆረጥም ያሉትን ትከሻ ቆረጠችው። የኋላውን ቁራጭ ብቻውን ወስዳ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ አድርጋ አዞረችው። ወፎቹ ቀና አሉ። ሰውነቱ ቀጥ ያለ ቅድ ስለሆነ መዞሩ አላበላሸውም። ሶስና ያዘዘችው የጀርባ ስንጥቅ አሁን ታች ዋለ፤ ትርንጎ ጠርዙን ዘምዝማ የመራመጃ ክፍት አደረገችው። ለትከሻው ከቁርጥራጩ ሁለት ሰፋፊ ማያያዣ አወጣች። ማያያዣው ላይ ምን እንዲውል እንዳደረገች ታውቃላችሁ? በእያንዳንዱ ትከሻ ላይ አንድ ወፍ፣ ክንፉን ወዲህና ወዲያ ዘርግቶ፣ የፊቱን መንጋ ከኋላው መንጋ ጋር ያገናኘ።

ያን ትከሻ በመኪናዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስፌቱን ድርብ አደረግኩት። ቆጭቶኝ ነበር፤ እጄ ግን ጨርቁን ሲያሳልፍ እየተደነቀ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ እጅ አይወጣም ነበር። ከአያ ደሳለኝም እጅ አይወጣም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሶስና ለፎቶ ብላ ሁላችንንም በአንድ መኪና ጭና ሊማሊሞ አፋፍ ወሰደችን። እዚያ አገር ተወልጄ አርጅቼ፣ ለመታየት እንጂ ለመሸከም ሳይሆን አፋፉ ላይ የቆምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጉሙ ከእግራችን በታች ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። ውባለምና ሌሎቹ ቀሚሱን ለብሰው ጠርዙ ላይ ተሰለፉ፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር መጣና ቀሚሶቹን ነፋቸው። ነጫጮቹ ወፎች ሁሉ ከፊትም ከኋላም ወደ ላይ ተነሡ። አንድ እውነተኛ አሞራ ከሥራቸው ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ወጣ። እግዚአብሔርን ብዙ ጊዜ ለምኜዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ምንም ሳልለምነው ዝም ብዬ አየሁ።

ትርንጎ መጥታ ጎኔ ቆመች። ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባዋለች።

«ስቆርጥ አይተሻል» አልኳት።

«አይቻለሁ እትዬ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«መቀስ ተይዞ አይወራም ብለው የለ?»

«መቀሱ ሲቀመጥስ? ምሳ አብረን በላን። መንገድ አብረን ሄድን።»

ወደ ገደሉ አየች። ዛሬም መልስ አልሰጠችኝም። ዝምታዋ ከፍርሃት ይሁን ከጠረጴዛው ፍላጎት እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። አዲሱ ክፍል ሲሠራ ቁልፉ ለእሷ ተሰጠ። በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ።

ዳባት ወርጄ አያ ደሳለኝን ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በድምፄ አወቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንዲፈርዱልኝ ነበር የሄድኩት። ትከሻው መቆረጡን ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «እነዚያ ሴቶች ምን ይሸከማሉ?» አሉኝ። ምንም አልኳቸው፤ ካሜራ። «እንግዲያ ይቆረጥ» አሉ።

«ዝምታዋስ?» አልኳቸው። «የአንቱን ሕግ ይዛ ነው የጣለችኝ።»

«የምን ሕግ?»

«መቀስ ሲያዝ አይወራም የሚሉት ነዋ!»

አያ ደሳለኝ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ማንጤ፣ እሱ ሕግ አይደለም። እኔ ወሬ ስሰማ እጄ ይስታል። ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ፤ ሁለት ነገር ባንዴ አይሆንልኝም። አንቺም ወሬ ስትሰሚ እጅሽ ይስታል?»

እጄ ስቶ አያውቅም። ውባለም ቀኑን ሙሉ ስታወራ እየሰማሁ እጄ ላይ ያለው መርፌ ከመስመሩ ወጥቶ አያውቅም። ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህ ነው። የአያ ደሳለኝን በረንዳ ተከራየሁ። ጋናውን ከጎንደር እያስመጣሁ ለሚፈልግ ሰፋሁ፤ ትከሻውን እንደ ሸክሙ አጥፌም ቆርጬም። ሴቶች አስተማርኩ። ስቆርጥ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያየውን እንዲናገር አደረግኩ፤ ዝም ያለች እንደሆነ መቀሴን አስቀምጬ እስክትናገር ጠበቅኳት። ዓይኔ እስኪደክም እንዲሁ ሠራሁ።

ከትርንጎ ጋር አልተነጋገርንም።